እንደራሴውና ኩራዙ

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ገብቼ «እንደራሴያችሁ ማነው?» ብዬ ብጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት የተለያየ ስም ነገሩኝ። እዚህ ያሉት ጓደኞቼ ግን እንደራሴን የሚመዝኑት በአዳራሽ ንግግሩ ነው። ተሳስተዋል እላለሁ።

ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1937 የቴክሳስን ኮረብታማ ገጠር ወክሎ ኮንግሬስ ሲገባ በጉባኤው እምብዛም አይናገርም ነበር። (በኋላ በቬትናም የሠራውን አልደግፍለትም፤ ያ ሌላ ነገር ነው።) የገጠር መብራት ሕግ በ1936 ወጥቷል። ነገር ግን አበዳሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ማይል መንገድ ቢያንስ ሦስት ቤት ካልተገኘ ገንዘብ አልሰጥም አለ። በዚያ ኮረብታ ቤቱ የተራራቀ ነው፤ ሴቶቹ ውኃ ከጉድጓድ ሲጎትቱ ውለው በኩራዝ ያመሹ ነበር። ገበሬውም ፊርማው መሬቱን የሚያስወስድበት መስሎት ፈራ። ጆንሰን በየመንደሩ እየዞረ አግባባ፤ ከዚያም ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘንድ ገብቶ ደንቡ እንዲላላ ለመነ። ብድሩ በ1938 ተፈቀደ፤ በ1939 መብራቱ በራ።

ሕጉን የጻፉት ሌሎች ናቸው። እርሱ ሕጉ የዘለለውን ቤት ያውቅ ነበር። የእኛስ እንደራሴ እናቴ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ያውቃል?