ኮታው የማን ነው?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር «የብሔር ተዋፅኦ ይከበር!» እንላለን። እኔም እላለሁ፤ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ቁጭ ካልኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

እስቲ ግን ማንጆውን አስቡት። በካፋም በሸካም፣ ሕዝብ ሲቆጠር ካፊቾ ወይም ሸካቾ ነው። ለመብላት ሲቀርብ ግን ማንጆ ነው! አብሮት የሚቆርስ፣ ልጁን የሚድርለት ስንት ነው? ቁጥሩ የእኛን ድርሻ ከፍ ያደርጋል፣ ወንበሩ ላይ የምንቀመጠው እኛ። ይሄ ተዋፅኦ ነው እንዴ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89(4) በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ ይደረግ ይላል። ማንጆ ደግሞ ለብቻው ብሔረሰብ ተብሎ ስላልተመዘገበ ድጋፉ በእኛ ስም መጥቶ እኛው ጋ ይቀራል። «የራሳችን ማንነት ይታወቅልን» ብለው አቤት ሲሉ «ሊከፋፍሉን ነው» እንላለን። ማዕዱን ማን ከፈለው?

ከሐዋሳ ርቀን ተረሳን ብለን ነው በኅዳር 2014 11ኛውን ክልል የመሠረትነው። ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ቴፒና ተርጫ መቀመጫውን ተካፈሉ፤ ጫካ ዳር ያለው የማንጆ መንደር ምን ደረሰው? ቀጣዩ የቅጥር ውጤት ሲለጠፍ ከእነሱ ስንት ሰው እንደገባ የወረዳችሁ ፐብሊክ ሰርቪስ ሄዳችሁ ጠይቁ።