ከጸበሉ መልስ



ባለፈው ክረምት ከአጅማን የመጣ አንድ ወንድም በእንግዳ ቤታችን ሰንብቶ ነበር። በዚያ አገር ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል፣ እነርሱ «ቤድ ስፔስ» የሚሉትን አልጋ ተከራይቶ፣ በሞተር ብስክሌት ምግብ እያደረሰ ኖሯል። ለወገብ ሕመም ብሎ የጀመረው ትራማዶል ውሎ አድሮ ያለ እርሱ እንቅልፍ የማይወስደው አደረገው። እኛ ዘንድ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሆዱ ታወከ። «መንፈስ ነው» ያሉ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ከእነርሱ ጋር ነበርን። ያረመን በጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ተሳላሚ ነው። ሰውነት የለመደውን በድንገት ሲያጣ እንዲህ ይታወካል አለን።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ተቀባዮቻችንን አጥብቀን እናሳስባለን። ለዓመታት አረቄ ያበዛ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም የሚጥል ሕመም ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ወደ ጸበሉ ከመውረዱ አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ማንም አያስጥለው። አዲስ አበባ ላይ የአማኑኤልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህን ሕመም ያክማሉ። ጸሎትና መድኃኒት ባላጋራ ናቸው የሚለውን ከአባቶች አልሰማነውም።

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ላላችሁ ጥቂት እንጨምር። ጫት በአገራችን በገበያ ይሸጣል፤ በኤምሬቶች ግን የተከለከለ ዕፅ ነውና ለወዳጅ ብላችሁ አንዲት እስር እንኳ አትያዙ። ትራማዶልንና ኮዴይን ያለበትን መድኃኒትም ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያስጠይቃል። ይኸው አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሕግ፣ ሳይያዝ በፈቃዱ ሕክምና የጠየቀ ሱሰኛ እንዳይከሰስ ደንግጓል፤ የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ዘመድም ሊያመለክትለት ይችላል። በአቡ ዳቢ ብሔራዊ የተሐድሶ ማዕከል ከ2002 ጀምሮ አለ፤ ዱባይም ኢራዳ የተባለ ማዕከል አላት። ሆኖም አስቀድሞ ሕግ ዐዋቂ ይጠየቅ።

ከሁሉ የከበደን ከጸበሉ መልስ ያለው ነው። ሁለት ወር ከኪኒኑ የራቀ ሰው ወዴት ይሂድ? ወደዚያችው ክፍል፣ ኪኒኑን ወደሚያቀብሉት ወዳጆቹ? ወራት ያለፉት ሰውነት የቀድሞውን መጠን አይችልም፤ ዳግመኛ ቢወስድ ያችው የለመዳት ልክ ልትገድለው ትችላለች። ይህን ለቤተሰብ ሳንነግር የሸኘናቸውን ስናስብ እንጨነቃለን። ደግሞ ዕዳው አለ፤ «ከዐረብ አገር ባዶ እጁን መጣ» የሚለው የሰፈር ወሬም ከኪኒኑ ባልተናነሰ ያሳምማል።

ወንድማችን ላለመመለስ ወስኗል። አሁን በዘመድ ሱቅ ያግዛል፤ በየወሩም እየመጣ ከእኛ ጋር ያድራል። እናቱ ለዕረፍት የመጣ መስሏቸዋል። «ልጄ ወደ ሥራው የሚመለሰው መቼ ነው?» እያሉ በስልክ ይጠይቁናል። እርሱ አትንገሩብኝ ብሎናል። እስከ አሁን ዝም ብለናል፤ በዚህ ነገር ከአባቶች ጋር የጀመርነው ምክር ግን ገና አላለቀም።