የጣልነው ከየት ይደርሳል?



«ቬፕ» የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ይሁን እንጂ በኪስ ተደብቆ የመጣ እንደ ሆነ ለአንዳንዶቻችን የሥልጣኔ ምልክት መስሎ ይታየናል። በሆዱ የያዘው ግን ኒኮቲን፣ ላስቲክና የሊትየም ባትሪ ነው፤ ሲያልቅም ይጣላል።

የት? በጉኑኖ ገጠር የቤት ጥራጊ ከንቱ አይቀርም፤ እናቶቻችን ከፍግና ከአመድ ጋር ወደ እንሰቱ ጓሮ ይወስዱታል። እንሰቱም ተመልሶ ምግባችን ይሆናል። እንግዲህ ተማሪው ለዕረፍት ሄዶ የወረወረው ባትሪ ከገዛ ማዕዱ ሥር ተቀበረ ማለት ነው። ከጥራጊ ጋር ቢቃጠል ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል፤ እሳቱን የምትቆሰቁሰውም እኅታችን ናት።

ስለዚህ አንደኛ፣ አንግዛ። ሁለተኛ፣ በእጃችን ያለውን ሳንሰብርና ሳናቃጥል ለብቻው እናኑር። ማኅበራችን ደረቅ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ በየመኝታ ቤቱ ያስቀምጥ፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይም አብሮ ይግባበት፤ የተጠራቀመውን ዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ለመሰብሰብ ፈቃድ ላለው ያስረክብ።

አዋጁን መንግሥት አውጥቶታል፤ ቆርቆሮውን ማስቀመጥ ግን የእኛ ፋንታ ነው።