ዶቅዶቄ ልግዛ ያልኩት አብጄ አይደለም

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ደመወዝም ስለ ማዳምም አይደለም፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፣ እሁድ እሁድ ቡና አብረን የምንጠጣ ልጆች ስቀውብኝ ጨርሰዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አገሬ ስገባ መልኩ የድሮ የሆነ፣ ውስጡ ግን አዲስ የሆነ ሞተር መግዛት እፈልጋለሁ። ይህንን ስላቸው አንዷ "ደህና ነሽ ግን?" አለችኝ። ሌላዋ በዚያ ብር ስንት ፍሪጅ፣ ስንት የጭማቂ መፍጫ እንደሚገዛ ቆጠረችልኝ። ሦስተኛዋ ደግሞ "ናፍቆት ከሆነ ፎቶ አይበቃሽም?" አለች። ይቺኛዋ ናት ያስጻፈችኝ። ለናፍቆት ብሎ ዕቃ መግዛት ሞኝነት ነው የሚለውን ነገር አልቀበልም። ሞኝነት የሚሆነው ምን እየገዛሽ እንደሆነ ሳታውቂ ስትገዢ ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከምሠራበት ቤት ነው። ሰር ህንዳዊ ነው፣ የኬረላ ሰው። ዱባይ ከገባ 20 ዓመት አልፎታል። አምና ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 የሚባል ሞተር ገዝቶ ሲመጣ ማዳም ሦስት ቀን አላናገረችውም። እውነቷን ነው፣ መኪና አለው። ሞተሩን የሚነዳው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እሱም የለም፣ ሸራ ለብሶ ይቆማል። አቧራውን የምጠርገው እንግዲህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እየወለወልኩት "ይሄ ነገር አዲስ ነው አሮጌ?" ብዬ ጠየቅኩት። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ የከረመ ነው የሚመስለው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ።

ሮያል ኢንፊልድ መሠረቱ እንግሊዝ ነው። የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ቡሌት የሚባለው ሞዴሉ ከ1932 ጀምሮ አለ፤ ጥይት ማለት ነው ስሙ። የህንድ መንግሥት ለወታደሮቹ ቡሌትን መረጠና በ1955 ማድራስ ውስጥ፣ አሁን ቼናይ በምትባለው ከተማ፣ መገጣጠም ተጀመረ። ከዚያ እንግሊዝ ያለው ሥራ በ1970 አካባቢ አከተመ። ህንዶቹ ግን ያንኑ ሞተር መሥራታቸውን ቀጠሉ። ፈጣሪዎቹ የተዉትን እነሱ አሳደጉት ማለት ነው። ስለዚህ ለሰር ቡሌት የፈረንጅ ዕቃ አይደለም፤ የሰፈሩ ፖሊስ፣ የሰፈሩ ወታደር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቱ ናቸው። አባቱ ቡሌት ነበራቸው። እሳቸው ሲያርፉ ሞተሩም ተሸጠ።

"ታዲያ አሮጌውን ፈልገህ አትገዛም ነበር?" አልኩት። ሳቀ። አሮጌው ዘይት ያንጠባጥባል። ለማስነሳት ቆመሽ በእግርሽ መርገጥ አለብሽ፣ ስሜቱ ካልመጣለት ደግሞ አይነሳም። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እግር ነው፤ ዛሬ ካሉት ሞተሮች ተገላቢጦሽ ስለሆነ አደጋ ላይ ሊጥልሽ ይችላል። አዲሱ በአውራ ጣት ተጭነሽ የምታስነሺው ነው። ቤንዚኑን በኢንጀክሽን ነው የሚረጨው። ኤቢኤስ ስላለው ድንገት ፍሬን ስትይዢ ጎማው አይቆለፍም። መልኩ ግን ቁርጥ የድሮው ነው፦ ክብ መብራት፣ ክብ መስታወት፣ ድቡልቡል የቤንዚን ታንክ፣ ረጅም ማርሚታ። ድምፁም ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ ነው። አገራችን ዶቅዶቄ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው እንዲህ ያለውን ሰምቶ መሆን አለበት።

ይሄ ነገር የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ትሪያምፍ ቦንቪል የሚባል የእንግሊዝ ሞተር አለ፣ መጀመሪያ የወጣው በ1959 ነው። ፋብሪካው በ1983 ተዘጋ፣ ስሙን ሌላ ሰው ገዛው፣ ቦንቪልም በ2001 በአዲስ ሰውነት፣ በድሮ መልክ ተመልሶ መጣ። እዚህ ላይ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። በኋላ ይሄም ሞተር ወደ ኢንጀክሽን ሲቀየር ኢንጀክተሩን ካርቡሬተር እንዲመስል አድርገው ሸፈኑት! ካርቡሬተር የለም፣ ግን ያለ ይመስላል። ይህንን አልወደድኩትም። ክብ መብራት መልኩ የድሮ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል፣ ያበራል። ምንም የማይሠራ ካርቡሬተር ግን ለጎረቤት የተሠራ ነው። የድሮ መልክና የድሮ ማስመሰያ ለእኔ አንድ አይደሉም።

"ያው የውሸት አሮጌ ነው" ትሉኝ ይሆናል። እኛስ ታዲያ? በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስንጋግር የውሸት እንጀራ ያለን አለ? ለፋሲካ የምንለብሰው የሽፎን ቀሚስ ጥለቱ ሸማኔ ያልነካው፣ በማሽን የታተመ አይደለም ወይ? ለብሰነው ግን ስናለቅስ፣ ስንጨፍር፣ ፎቶ ስንነሳ እናመሻለን። እናቶቻችን የለበሱት ይከብዳል፣ ለማጠብ መከራ ነው። መልኩን ወሰድን፣ ሸክሙን ተውን። ሰር ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ የእሱ ሁለት ጎማ ያለው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አባዬ የከብት ሐኪም ነበር፣ ደምበጫ አካባቢ። የሚነዳው መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ኤጂ የሚለው ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ለእርሻ ሥራ ታስቦ ስለተሠራ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፣ ሰንሰለቱም ጭቃ እንዳይገባበት ዙሪያውን የተሸፈነ ነው። ከኋላ የክትባት መድኃኒቱ ከነበረዶው በሳጥን ይታሰራል። ከፊት፣ ታንኩ ላይ፣ እኔ። ሁለት ስትሮክ ስለሆነ ዘይትና ቤንዚን አብሮ ነው የሚያነደው፣ ሰማያዊ ጭሱን ከሩቅ አይቶ መምጣቱን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ድምፁ ዶቅ ዶቅ አይልም፣ እንደ ተቆጣ ንብ ነው። እስከ ዛሬ ዱባይ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተኝ አንገቴ ይዞራል።

አባዬ ጡረታ ሲወጣ ሞተሩን በፊርማ አስረከበ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ የእኛ ሆኖ አያውቅም። እሱ ሲሞት ደግሞ እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረው ነበር። መርዶውን የሰማሁት ልብስ እየተኮስኩ ነው። ልብሱን ጨርሼ ተኮስኩት። ሐዘን መቀመጥ፣ ሰው አቅፎሽ ማልቀስ የሚባለውን ሳላደርግ አራት ዓመት አለፈ። ይህን ለማናችሁም ማስረዳት የለብኝም፣ አብዛኞቻችሁ ዘንድ ደርሷል። ለዚህ ነው "ፎቶ አይበቃሽም?" ስትለኝ መልስ ያጣሁት። ታንኩ ላይ ተቀምጬ የተነሳሁት ፎቶ የለኝማ። የሚጠገን አሮጌ ሞተርም የለንም። ያለው ምርጫ አዲስ የሚመስለው ብቻ ነው።

ግን ደግሞ ናፍቆት የሚመርጥ ነገር ነው፣ ይህንንም አልክድም። ቀኝ ባቴ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ማርሚታው ያቃጠለኝ ጠባሳ አለ። ክረምት ላይ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አባዬ እየገፋ እኩለ ሌሊት ቤት የደረሰባቸው ቀኖች ነበሩ፤ እናቴ ኩራዝ ይዛ በር ላይ ቁጭ። ስለ ሞተር ሳወራላት "እሱን ነገር ነው የምትናፍቂው?" ትለኛለች። እሷ የምትናፍቀው ሰውዬውን ነው፣ ሞተሩን አይታ ማየት አትፈልግም። ልክ ናት። እኔም ያንን ሞተር እንዳለ መልሱልኝ አላልኩም። የምፈልገው ክብ መብራቱን፣ ዕቃ መጫኛውን፣ ከላይ ሲቀመጡ ነፋሱ ፊት ላይ የሚመጣውን ነው። ሰማያዊ ጭሱ፣ ጭቃ ውስጥ መግፋቱ፣ ቃጠሎው ይቅርብኝ። ለዚህ ነው አሮጌ ፈልጎ ከመግዛት አሮጌ የሚመስል አዲስ ይሻላል የምለው። አሮጌ ዕቃ ትዝታውን ከነበሽታው ነው የሚሸጥልሽ።

የሰርን ዓይነት ሞተር ግን አልገዛም። አንደኛ ዋጋው ከአንድ ዓመት ደመወዜ በላይ ነው። ሁለተኛ 195 ኪሎ ይመዝናል፣ ሁለት ኩንታል ሊሞላ አምስት ኪሎ የቀረው ማለት ነው። አንድ ቀን ሰር "ያዢልኝ" ብሎኝ ለአፍታ ይዤው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ደምበጫ ላይ ቢወድቅብኝ ማን ያነሳልኛል? ሦስተኛውና ዋናው መለዋወጫ ነው። ውድ ሞተር ገዝተሽ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ወይም አንዲት ኬብል ስትበጠስ ከውጭ እስኪመጣልሽ ስትጠብቂ ሞተሩ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ከተማሽ ውስጥ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው፣ ካንዴላው ከሱቅ የሚገኝ፣ ቀለል ያለ ህንድ ሠራሽ ሞተር ይሻላል። ከእነዚህም ውስጥ ክብ መብራት ያላቸው አሉ። የእኔ ናፍቆት ያለው መብራቱ ላይ ነው፣ ማርኩ ላይ አይደለም። ሻጩ ግን ሁለቱን አደባልቆ ነው ዋጋ የሚጠራልሽ። ስንቱ ለሞተሩ፣ ስንቱ ለትዝታው እንደሆነ ለይተሽ አስቢ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በግልጽ እናውራ። ወንድሜ ሞተር ልገዛ ነው ስለው ደስ አለው። ቀጥሎ "በእኔ ስም ይሁና፣ ሰው እየጫንኩ ሥራ እሠራበታለሁ" አለ። ልጁ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን እስቲ አስቡት፦ ሰር ናፈቀው፣ ካርዱን አውጥቶ ከፈለ፣ አበቃ። ማዳም ሦስት ቀን አኮረፈች፣ አራተኛው ቀን ሻይ አፈላችለት። እኛ ስንናፍቅ ግን ናፍቆታችን በሐዋላ ይላክና እዚያ ሲደርስ የሌላ ሰው ጣሪያ፣ የሌላ ሰው ሠርግ፣ የሌላ ሰው ሶፋ ሆኖ ይገኛል። ሶፋው ላይስቲኩ ሳይነሳለት ዓመት ይቀመጣል፣ እሱን ብክነት የሚለው የለም። አሥር ዓመት ሙሉ "አንቺስ ምን አማረሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አላማርርም፣ የእናቴን ጣሪያ በመቀየሬ እኮራለሁ። ግን ጣሪያው አልቋል፣ የእህቴም ትምህርት አልቋል። ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ለራሴ ብገዛ የማን ዳቦ ይጎድላል?

ስለዚህ ሊብሬው በስሜ ይወጣል። ይሄ ላይ ድርድር የለም። ወንድሜ ሥራ ከፈለገ ስለ ሥራ ለብቻው እንነጋገራለን። ብድርም አልገባም፣ ከዕቁብ ነው የምገዛው። ዕጣዬ ካልደረሰ ሞተሩም አይደርስም። ብድር ገብታችሁ ትዝታ እንድትገዙ የምመክር ሰው አይደለሁም፣ ለዕዳ ወለድ ብለን ሁለት ዓመት ተጨማሪ ኮንትራት መፈረም ከመጣ ይቅር።

ሴት በሞተር ለሚሉት ብዙ ቃል አላባክንም። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን፣ ቀጥሎ ሄልሜቱን፣ ከዚያ ሞተሩን። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ሞተር ሲነዱ ካያችሁ እሱ ይበቃል።

አዲስ አበባ የምትገቡ ግን ተጠንቀቁ። በ2011 ሰኔ መጨረሻ ላይ ከተማው ሞተር ከልክሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ በኋላ በፈቃድ ሆነ። ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉ አሁን ምን እንደሚል መጠየቅ ነው። ከዚህ ገዝቶ በካርጎ መላክ የምታስቡም ካላችሁ፣ ነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ የሞተሩን ጉዳይ መጀመሪያ ጉምሩክ ጠይቁ። ደላላ አትጠይቁ። ደላላ ሁሉም ይቻላል ነው የሚለው።

ዕጣዬ የካቲት ላይ ነው። እስከዚያው የምፈልገው መረጃ አለ። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ አካባቢ ሞተር የሚጠግን ወንድም ወይም ባል ያላችሁ ጠይቁልኝ፦ ክብ መብራት ካላቸው ውስጥ መለዋወጫው ሳያስቸግር የሚገኘው የቱ ነው? ቁመቴ አጭር ስለሆነ ሁለቱም እግሬ መሬት መንካት አለበት። ከፊትና ከኋላ ዕቃ መጫኛ የሚበይድ ጥሩ በያጅ እዚያ አለ ወይ? እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማርሚታው ሽፋን ይኑረው ብላለች።