ሊንክ መስጠት ለምን አቆምን?

«ብሎግ እኮ ሞቷል» የሚለኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የአንድን ሰው ብሎግ ፈልገህ የገባኸው መቼ ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ ሳቅ ነው። አስከሬኑን ሳያዩ መርዶ ማርዳት ይሏል ይሄ ነው። ሰውዬው ብሎግ መሞቱን ያወቀው ስልኩ ላይ ስላላየው ነው። ስልኩ ላይ የሚያየውን የሚመርጥለት ደግሞ እሱ ራሱ አይደለም።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ እውላለሁ። ማታ ደግሞ፣ ሱስ በሉት፣ ሰዎች በገዛ ገጻቸው ላይ የጻፉትን እያሳደድኩ አነባለሁ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ያያቸውን ወፎች በየሳምንቱ የሚመዘግብ ሰው አለ። አረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ከአሠሪዎቿ ልጆች አረብኛ እንዴት እንደለመደች የጻፈች ሴት አለች። የአያቱን የድሮ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ እየገለበጠ የሚያስቀምጥ አለ። ስለ ፊደላችን ቅርጽ ብቻ የሚጽፍ ዲዛይነርም አለ። አንዳንዶቹ ከአምስት ዓመት ወዲህ ምንም አልጻፉም፤ ግን ገጹ አሁንም ይከፈታል። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር፣ አንዳቸውንም «ይሄን ልትወደው ትችላለህ» የሚል ማሽን አላመጣልኝም። ሁሉንም ያገኘኋቸው ሌላ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ሊንክ ስላስቀመጠ ነው።

ስለዚህ ክርክሬ ቀላል ነው፤ ጸሐፊው አልጠፋም። የጠፋው ሊንክ የሚሰጥ አንባቢ ነው። ይሄ ደግሞ ጉግል ወይም ፌስቡክ ላይ ብቻ የሚላከክ ጥፋት አይደለም።

ታሪኩን ትንሽ ወደኋላ እንመልሰው። «ዌብሎግ» የሚለው ቃል የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ጆርን ባርገር የሚባል አሜሪካዊ በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸውን ጥሩ ጥሩ ነገሮች ሊንክ በአንድ ገጽ ላይ ይመዘግብ ነበር፤ ሎግ ማለት መዝገብ ነውና ስሙን ከዚያ አወጣው። ልብ በሉ፣ ብሎግ ሲወለድ ስለ ራስ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። «ይሄን አይቻለሁ፣ እናንተም እዩት» የሚባልበት ቦታ ነበር። በዓመቱ ጉግል ሲመሠረት ዝነኛ ያደረገው ሐሳብም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሊንክ የሰጠው ገጽ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። የፍለጋ ሞተር የሚባለው ነገር ዛሬም ቢሆን ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተራመደ ነው ገጽ የሚያገኘው። ማንም ሊንክ ያልሰጠው ገጽ መንገድ ያልገባበት መንደር ማለት ነው። ሰው ይኖርበታል፤ ካርታው ላይ ግን የለም።

በአማርኛ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። «ፀሐይ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ ወይም ኃ። ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ፤ ሲነበብ ግን ሁሉም ያው ነው። በዚያ ላይ «ለፀሐይ»፣ «ከፀሐይዋ»፣ «ስለፀሐይም» እያልን ከፊትም ከኋላም እንቀጥላለን። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራ ፍለጋ እዚህ ጋ ሲደርስ መደናበሩ አይቀርም። እና እኛ ከሌላው ዓለም ይልቅ የሰው ጥቆማ ያስፈልገናል። ማሽኑ ሲደክም «በዚህ በኩል ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ጥሩ ጽሑፍ ስናገኝ ኮፒ እናደርገዋለን፤ ቻናላችን ላይ እንለጥፈዋለን፤ ከሥሩ «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ብለን እንጽፋለን። ትንሽ ይሉኝታ ያለው «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ይላል። ስክሪንሾት የሚያነሳው ደግሞ የጸሐፊውን ስም ቆርጦ ያወጣል፤ ፎቶው እንዲያምር ነው መሰለኝ። እስቲ ይታያችሁ፤ «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ማለት «ይህን ዳቦ ያገኘሁት ከመንገድ ነው» እንደማለት ነው። የጋገረችው ሴት የት ሄደች? አምስት መቶ ሰው ላይክ ያደረገው ጽሑፍ ባለቤት ሃያ አንባቢ ይዛ ቁጭ ብላለች፤ በወሩ ይደክማትና ትተወዋለች። ከዚያ እኛው ተመልሰን «በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የለም» እንላለን። ይሄ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። የሰው ላብ መውሰድም ነው።

«ምን ችግር አለው፣ ዋናው ጽሑፉ መዳረሱ ነው» የሚል አይጠፋም። ጽሑፉ የት እንደሚዳረስ እንይ። ስልክ ስናወርስ ያደግን ትውልድ ነንና ብዙዎቻችሁ ላታስታውሱት ትችላላችሁ እንጂ፣ ፌስቡክ «ኖትስ» የሚባል ረጅም ጽሑፍ መጻፊያ ነበረው። ስንት ሰው ወጉንና ትንታኔውን እዚያ ላይ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ መጻፍም የቆየውን ማረምም ተከለከለ። ያሁ በበኩሉ ጂኦሲቲስን እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው፤ የተረፈው በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ቀድተው ያስቀመጡት ነው። ጉግል ሪደር፣ ሰዎች የሚወዷቸውን ብሎጎች በአንድ ቦታ የሚከታተሉበት መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። የማውቀው አንድ ልጅ ደግሞ ለሦስት ዓመት የጻፈበት ገጹ ተጠልፎ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ቀርቷል፤ አቤት የሚልበት ሰው እንኳን አላገኘም። የኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚስል ሰው አከራዩ በፈለገ ቀን እንደሚቀባው ማወቅ አለበት።

እዚህ አገር ላይ ደግሞ በራስ ገጽ መጻፍ ዋጋ የተከፈለበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የብሎግስፖት ገጾች ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው ዞን 9 የጦማሪዎች ስብስብ ስሙን ያወጣው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞኖች አሉት፣ ዘጠነኛው እኛ የምንኖርበት ውጪው ነው ለማለት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሽብር ተከሰሱ፤ ከእስር ሲወጡ ዓመት አልፎ ነበር። ሰው የታሰረበትን ነገር እኛ «ማን ያነባል» ብለን በገዛ እጃችን ተውነው። ከልካይ ሳይኖር የተከለከልን ይመስል።

በነገራችን ላይ «ጦማር» በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ደብዳቤ ጻፊ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ተቀብሎ የሚያደርስ ይፈልጋል። አድራሹ እኛ ነበርን።

አሁን የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ሰው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው» የሚል ነው። እሺ፣ ይሁን። ቴሌግራሙን ደወል አድርጉት። ጽሑፉ በገዛ ገጽህ ላይ ይቀመጥ፣ ቻናሉ ላይ ሁለት መስመርና ሊንክ ጣል። ዝግ ግሩፕ ውስጥ የቀረ ጽሑፍ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚፈልገው ልጅ አይገኝም፤ ለፍለጋ ሞተርም የተዘጋ በር ነው።

ሁለተኛው «ዳታ ውድ ነው» የሚል ነው። ይሄኛውን በሒሳብ እንየው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይወስዳል። የአንድ ሺህ ቃል ድርሰት ከነክፍተቱ 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ሁለት ሜጋባይት ቢሆን፣ በዚያችው ዳታ ከመቶ በላይ ድርሰት ይነበባል። ስለ ቪዲዮውማ አላወራም። ማስታወቂያ ያልተጫነበት ተራ ብሎግ ከየትኛውም አፕ ይልቅ ለድሃ ኪስ ይራራል።

ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው፤ «የማይረባውም ይበዛል» ይላል። እውነት ነው፣ ይበዛል። ግማሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ የተተወ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው ጣዕሙ። በላይክ የሚመዘን ጸሐፊ ቀስ በቀስ ሁሉም የሚጽፈውን መጻፍ ይጀምራል፤ ዛሬ ሰው የተናደደበትን ጉዳይ እሱም ይናደድበታል። የወፎቹ ሰውዬ ግን ማንም ባያጨበጭብለትም ሳምንቱን ጠብቆ ወፍ ይቆጥራል። ማሽኑ እንዲህ ያለውን ሰው «ተመልካች የለውም» ብሎ ይጥለዋል። እኔ ደግሞ ለዚያው ሰውዬ ስል ነው ኢንተርኔት የምከፍለው።

ማሳደድ የምትፈልጉ ካላችሁ ዘዴው ያን ያህል አይከብድም። አንድ የወደዳችሁት ብሎግ ስታገኙ ጽሑፉን ጨርሳችሁ አትውጡ፤ ጠርዙ ላይ «የማነባቸው» የሚል ዝርዝር ካለ እሱን ክፈቱ። አንድ ሰው የሚወዳቸው አሥር ሰዎች እዚያ አሉ፤ እነሱም የየራሳቸው አሥር አሏቸው። አስተያየት ሰጪዎቹን ስም ተጫኑት፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ጦማሪ ናቸው። አርኤስኤስ የሚባለውን አሮጌ ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ፤ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ፊድሊን የመሰለ ማንበቢያ ላይ የብሎጉን አድራሻ ብቻ ስትሰጡት አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ያመጣላችኋል፤ ማንም በመሃል ገብቶ አይመርጥም። እንግሊዝኛ ለምታነቡ ደግሞ አንድ ስዊድን ያለ ፕሮግራመር የጀመረው ማርጂናሊያ የሚባል የፍለጋ ሞተር አለ፤ ሆን ብሎ ትንንሽ፣ ጽሑፍ የሚበዛባቸውን ገጾች ያስቀድማል። አንድ ሰው የጀመረው ነገር ነው እያልኩ ያለሁት። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ልጅ እዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መሃል እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ፤ ሀ እና ሐን አንድ ከማድረግ ይጀምር።

እስከዚያው ግን ኮድ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ኮፒ ያደረጋችሁትን ጽሑፍ ባለቤት ፈልጉና ስሙንና ሊንኩን መልሱለት። ብሎግ ያላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ክፈቱና የምታነቧቸውን አምስት ሰዎች ጻፉበት፤ ለእያንዳንዱ ለምን እንደምትወዱት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ብሎግ የሌላችሁ ለአንድ ጓደኛ አንድ ሊንክ ላኩ፤ ስክሪንሾት አይደለም፣ ሊንክ። ከዚያ ለጸሐፊው «አነበብኩት» ብላችሁ ጻፉለት። ከሁለት ዓመት በፊት ጽፎ የረሳው ጽሑፍ ላይ ይሄን ቃል ያገኘ ሰው በዚያው ሳምንት ሌላ ሲጽፍ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።