ሙስሊም ስላለበት ብቻ ጥሩ ፊልም አይሆንም



በዳንግላ ከዒሻ በኋላ ወጣቱ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አጭር ነው፦ ፊልም ያያል። በፍላሽ የተገለበጠ፣ በቴሌግራም የወረደ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈ ፊልም። ማየት ይፈቀዳል አይፈቀድም፣ ሙዚቃውስ እንዴት ነው የሚለውን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። ፈትዋ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ጉዳይ ካየን በኋላ ስለምንናገረው ነገር ነው። ወጣቱ ስላየው ፊልም እውነቱን አይናገርም።

እንዴት? ሁለት ሚዛን ይዞ ስለሚዞር ነው። ጀግናው ጢም ካለው፣ ሰይፍ ከመዘዘና በመጨረሻ ካሸነፈ፣ ፊልሙ «ማሻአላህ፣ ድንቅ» ይባላል። የሠራው ፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ገና ስሙ ሲጠራ «ሴራ ነው» ይባላል። ታሪኩ ይያያዛል ወይ? ሰውየው ሰው ይመስላል ወይ? የተነገረን እውነት ነው ወይ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለጠላት እንኳ ፍትሐዊ ሁኑ የተባልን ሰዎች ነን። ይህ ኢንሷፍ ፊልም ላይ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ተራ ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል የሚል ይኖራል። ተራ አይደለም። እኛ በዚህ ከተማ በቁጥር ጥቂት ነን። የጎረቤታችን ክርስቲያን ልጅም እኛ የምናየውን ተከታታይ ድራማ ያያል፤ ሙስሊም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚያ ይማራል። የከፋው ደግሞ የእኛው ታናሽ ወንድም ራሱን ከዚያ መማሩ ነው። ስለዚህ ተቺዎች ባንሆንም፣ እንደ ተራ ተመልካች ያየናቸውን እያነሳን የሚሰማንን በግልጽ እንናገር።

ከሁሉም ተወዳጅ ከሆነው እንጀምር። «ኧርቱግሩል» በቱርኩ ቲአርቲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአምስት ምዕራፍ የቀረበ 150 ክፍል ያለው ድራማ ነው። አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አባዙት፤ 300 ሰዓት ነው። በሥራ ሰዓት ቢቆጠር በቀን ስምንት ሰዓት ሠርቶ ከአንድ ወር በላይ ማለት ነው።

ጥሩውን ጥሩ እንበል። ፈረሱ፣ ልብሱ፣ ድንኳኑ ተደክሞበታል። የውጊያ ትዕይንቱን ለማሠልጠን የካዛክስታን ባለሙያዎች መጥተዋል፤ ይህም ያስታውቃል። እናትየዋ ሃይሜ ሐቱን በተናገረች ቁጥር ድንኳኑ ጸጥ ይላል። ሶላትን የማይሳለቅበት ድራማ ማየትም ለብዙዎች እፎይታ ነበር፤ ይህን አንክድም።

ግን እውነቱ ይህ ብቻ አይደለም። ድራማው ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ራሱን ይደግማል። ድንኳን ውስጥ ከሃዲ አለ፤ ጀግናው ይያዛል፣ ይገረፋል፣ ጓደኞቹ ደርሰው ያስጥሉታል፤ ከሃዲው ሲጋለጥ ሌላ ከሃዲ ይተካል። ይህ በቱርክኛ ስለተነገረ ጥበብ አይሆንም። ታሪክ ነው የሚባለውስ? ስለ እውነተኛው ኧርቱግሩል የታሪክ ሰዎች የሚያውቁት በጣም ጥቂት ነው። የልጁ የዑስማን በሆነ ሳንቲም ላይ የአባትነት ስሙ ተገኝቷል፤ ዝርዝሩን የጻፉት ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ከኢብኑ ዐረቢ ጋር መገናኘቱንም የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ያ ሁሉ ምክርና ያ ሁሉ ንግግር የድራማው ደራሲ ነው። ድራማ መፍጠር ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ደርስ ላይ ተቀምጦ ከኪታብ ሳይሆን ከምዕራፍ ሦስት እየጠቀሰ የሚከራከር ልጅ ሲመጣ ዝም ማለታችን ነው። ቲአርቲ የመንግሥት ጣቢያ መሆኑንም አንርሳ። የሚያሳየን የቱርክ መንግሥት እንዲታይ የሚፈልገውን ቱርክ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «አር-ሪሳላ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዘ ሜሴጅ»። ሐለብ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ቀረጸው፤ አንዴ በዐረብኛ ተዋናዮች፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ቀረጻው ሞሮኮ ተጀምሮ በግፊት ተቋረጠ፤ ሊቢያ ሄዶ አለቀ።

በዚህ ፊልም የደረሰውን እያንዳንዱ «ሴራ ነው» ባይ ሊሰማው ይገባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ዋሽንግተን ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎች ይዘው ከመቶ በላይ ሰው አገቱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳያል ብለው ነው፤ ፊልሙ ግን አያሳይም። በዚያ እገታ አንድ ወጣት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ተገደለ። ሳያዩ መፍረድ እዚህ ድረስ ይወስዳል።

የፊልሙን ድክመትም እንናገር። ወደ ሦስት ሰዓት ይረዝማል፤ ንግግሩ አንዳንዴ ኹጥባ ይመስላል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ሰሐባዎች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱና ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ሲቆም የምናየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ነጃሺን የተጫወተው በርሙዳ የተወለደው ኧርል ካሜሮን ነው። የሐበሻውን ቢላልን የተጫወተው ደግሞ ዳካር የተወለደው ጆኒ ሴካ ነው። ሁለቱም ጥሩ ተጫውተዋል። ግን በእስልምና ታሪክ ትልቅ ስም ያላቸውን ሁለት ሐበሾች የሚጫወት አንድ ሐበሻ እንኳ አልነበረም። ቢሆንም ክርስቲያን ጎረቤትህን ጠርተህ አብራችሁ ልታዩት የምትችሉት ትዕይንት ቢኖር የነጃሺ ችሎት ነው። አንድ ክርስቲያን ንጉሥ ለተሳደዱ ሙስሊሞች ፍትሕ ሰጠ። ይህ የእኛ አገር ታሪክ ነው።

ሦስተኛው የዚሁ አዘጋጅ «የበረሃው አንበሳ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ። የቁርኣን አስተማሪው ዑመር ሙኽታር ጣሊያንን ሃያ ዓመት ገደማ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1931 እንደተሰቀለ ይተርካል። ገንዘቡን የሰጠው የሊቢያ መንግሥት ነው። ጣሊያን ፊልሙን «የሠራዊታችንን ክብር ይነካል» ብላ ከለከለችው፤ በዚያች አገር ቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው።

ይህን ፊልም እንወደዋለን፤ ሕዝቡ በሽቦ አጥር ታጉሮ የሚያልቅበት ክፍል ከውጊያው ሁሉ ይበልጣል። ድክመቱ ግን ዑመር ሙኽታር ምንም ጉድለት የሌለው ሰው መሆኑ ነው። አይፈራም፣ አይጠራጠርም፣ ከቤተሰቡ ጋር አይከራከርም። እንዲህ ያለ ሰው ይደነቃል እንጂ አይመሰልም፤ ወጣቱ ከእርሱ ጋር ራሱን ማስተያየት አይችልም።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነን ግን እኛው ነን። ኦሊቨር ሪድ የተጫወተው ጄኔራል ግራዚያኒ ማን ነው? ሊቢያን ካደቀቀ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደም ስትታጠብ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ያው ሰው ነው። ከሊቢያ የተመለመሉ ወታደሮችን ይዞ በኦጋዴን በኩል ወጋን። የአንዱን ቅኝ ተገዢ ልጅ በሌላው ላይ አዘመተ ማለት ነው። የጣሊያን ጦር ዳንግላ ላይም ሰፍሮ ነበር፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ያፈገፈገው የአርበኛው ጦር ሲቃረብበት ነው። ይህን ፊልም አይቶ ለሊቢያ ያለቀሰ የዳንግላ ልጅ ስንት ነው? ያው ሰው አያቶቹንም እንደገደለ የሚያውቀውስ? ዑመር ሙኽታርን አውቆ የሰፈሩን አርበኛ የማያውቅ ትውልድ እየሆንን ነው። ይህ የፊልሙ ጥፋት አይደለም።

አል-ዐቃድ መጨረሻው ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2005 ዓማን ውስጥ በሆቴሎች ላይ በተፈጸመው የፍንዳታ ጥቃት ከልጁ ጋር ሞተ። በሙስሊም ስም የሚናገሩ አጥፍቶ ጠፊዎች ናቸው የገደሉት። እስልምናን ለዓለም በፊልም ካሳየው ሰው ይልቅ እነርሱ ስለ እኛ የተናገሩት በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ ተደመጠ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ያላያችሁትን እናንሳ። «የሰማይ ልጆች» የተባለው የማጂድ ማጂዲ የኢራን ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ። ሰይፍ የለም፣ ፈረስ የለም። ዐሊ የእህቱን ጫማ ይጥላል። አባት ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ወንድምና እህት በአንድ ጫማ በፈረቃ ይማራሉ። እርሷ ጠዋት ተምራ ትሮጣለች፣ እርሱ ጫማውን ተቀብሎ ይሮጣል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አንድ ቦታ አባትየው ለመስጂድ የሚሆን ስኳር እየሰበረ ተቀምጧል። ሻይ ይቀርብለታል፤ ስኳር ግን የለውም። ፊቱ ያለውን ክምር አይነካም፤ የመስጂድ ነውና።

ስለ አማና ሃያ ሙሓደራ ከሚሰማ ልጅ ይልቅ ይህን አንድ ትዕይንት ያየ ልጅ አማናን አይረሳም። ይህን ፊልም ለወጣቶች ስንጠቁም የሚመጣው መልስ ግን «የሺዓ ፊልም ነው» ይሆናል። ስለ ዐቂዳ ልዩነት እናውቃለን፤ ለማድበስበስም አንፈልግም። ግን ፊልሙ ስለ ዐቂዳ አያወራም፤ ስለ ጫማ ነው የሚያወራው። በዳንግላ በአንድ ጫማ የሚፈራረቁ ልጆች የሉም ወይ? 300 ሰዓት ለኧርቱግሩል የሰጠ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ለዚህ ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል?

ሆሊዉድን ዝም አንልም። ጃክ ሻሂን የተባለው ተመራማሪ ዐረቦች የሚታዩባቸውን ከ900 በላይ ፊልሞች መርምሮ በመልካም የሚያሳዩትን በደርዘን ነው የቆጠራቸው። ስለዚህ ቅሬታችን የፈጠራ አይደለም። ይሁን እንጂ «ማልኮም ኤክስ»ን ማን ሠራው? ሙስሊም ያልሆነው ስፓይክ ሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1992። የመካውን ክፍል ለመቅረጽ ፈቃድ ጠይቆ ሙስሊም ባለሙያዎችን ላከ። ማልኮም በሐጅ ላይ ከነጭ ሙስሊም ጋር ከአንድ ሳህን ሲበላ የሚለወጥበትን ልብ፣ እስከ ዛሬ የትኛው የእኛ ፊልም እንዲያ አሳየው? ፊልሙ ከሦስት ሰዓት ያልፋል፤ መጀመሪያ ላይ የወጣትነት ጥፋቱ ብዙ ነው፤ ለታናናሾች አይሆንም። ግን ሐቅ ሐቅ ነው፤ ከማን አፍ እንደወጣ አይታይም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይቀላል፤ አንታይም። እኛ ባየናቸው የአማርኛ ኮሜዲ ፊልሞች ሙስሊም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ባለሱቅ ነው፤ ሁለት መስመር ተናግሮ ይወጣል። ከዚህ የተለየው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ሐረርን በጥቁርና ነጭ የሚያሳይ። ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የሚቸኩል ሰው ሳይጨርሰው ይተኛል። ጫትን ከልክ በላይ አስውቦታል ብንልም ስሕተት አይሆንም። ግን ከአገር ለመውጣት የሚያስበውን ልጅ ዓይን ያየ ሰው የራሱን ጓደኛ ያያል። ለእኛ ከ150 ክፍል የሚበልጠው ይህ ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «አትዩ» አላልንም፣ «እዩ»ም አላልንም። የምንለው፣ ያየ ሰው እውነቱን ይናገር ነው። ደካማውን «የእኛ ነው» ብሎ አያድንቅ፤ ጥሩውን «የእነርሱ ነው» ብሎ አይጣል። ውሸታም አድናቆት ለሠሪውም አይጠቅምም፤ ምንም ብሠራላቸው ይወዱታል ብሎ ይሰንፋል።

የእኛን ታሪክ የሚሠራ ከሌላ አገር አይመጣም። የቱርክን ፈረስ እያየን እንገረማለን። እዚሁ አዊ ውስጥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት ግን አንድ ታሪክ የሚጽፍ ልጅ አልወጣንም። ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ዘርግታ የምትሸጥ እናት፣ በለቅሶ ቤት ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር እኩል የሚቆም አባት፣ ከመድረሳ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ሁሉም ታሪክ ናቸው። ካሜራው በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። ለፊልም 300 ሰዓት ያገኘ ትውልድ አሥር ደቂቃ የምትሆን ታሪክ ጽፎ ለመቅረጽ ጊዜ የለኝም ሊል አይችልም።

ስትሠሩት ደግሞ አሳዩን። ደካማ ከሆነ ደካማ ነው እንላችኋለን፤ ወንድማችሁ ነንና።