መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን እዩ

ባለፈው ሳምንት የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ፣ የማታውቀው ሰው የለም። ለድርጅቴ የትኛውን ዳታቤዝ ልግዛ?» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፕሮፎርማ አለ። አንዱ በዶላር፣ ሌላው በብር። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

የተጣደፈበት ምክንያት አለው። ለ8 ዓመታት የዱቤ መዝገቡ፣ የመጋዘን ሒሳቡ፣ የደንበኞቹ ስልክ ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ልጅ በሠራለት ሲስተም ውስጥ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሲስተሙም ይሠራ ነበር። ከዚያ ልጁ ውጭ አገር ሄደ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ተበላሸ። ዲስኩ ደህና ቢሆንም የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ፣ መዝገቡ በምን መልክ እንደተቀመጠ የሚናገር ሰው ጠፋ። ወዳጄ ማን ስንት እንዳለበት ለማወቅ በካርቶን የታጨቀ ደረሰኝ አውጥቶ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሲደምር አደረ። አንዳንዱ ባለዕዳ ራሱ ደውሎ የሚፈለግበትን ነገረው። አንዳንዱ ዝም አለ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይህ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የንብረት ጉዳይ ነው። ስለዚህ አቋሜን ልናገር፦ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው «ልለያችሁ ባልኩ ቀን መዝገቤን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሻጭ መጥቶ የሚያሳያችሁ ያማረው ገጽ፣ ቁልፉና ሪፖርቱ ሱቁ ነው። ዳታቤዙ ከጀርባ ያለው መጋዘን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሱቁን ብቻ ነው። የሒሳብ ሠራተኞቻችን ዛሬም ፒችትሪ እያሉ የሚጠሩት ሶፍትዌር ራሱ ከሥሩ የራሱ ዳታቤዝ አለው። ሱቁን ወደን ስንገዛ መጋዘኑንም ሳናየው ገዝተናል ማለት ነው።

«ለእኔ ኤክሴል ይበቃኛል» የሚልም አለ። ለትንሽ ሱቅ ሊበቃ ይችላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ በእንግሊዝ የሆነውን አስታውሱ። የሕዝብ ጤና ተቋሙ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን የሚያስተላልፈው በቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ከዚያ በላይ የሆነው ማንም ሳያውቅ ተቆርጦ ቀረ፤ 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወጡ። ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ፍለጋም ዘገየ። ሀብታም አገር ነው፣ ባለሙያ ሞልቶታል፤ ግን መሣሪያው ለሥራው አልተሠራም።

ዳታቤዝ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሻጮች የመጨረሻዋን አንድ ዕቃ በአንድ ደቂቃ ቢሸጧት ለአንዱ «የለም» ይለዋል። ሽያጩ ተመዝግቦ ዕቃው ከመጋዘን ሳይቀነስ መብራት ቢጠፋ፣ ሁለቱንም ይፈጽማል ወይም ሁለቱንም ይሰርዛል። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ምርጫው። ኦራክልና የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ባለቤት ያላቸው፣ ፈቃዳቸው የሚሸጥ ናቸው። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ። በዚህ ረገድ የማይኤስኪውኤል ታሪክ ያስተምራል። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2010 ሰን የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ ማይኤስኪውኤልም አብሮ ተገዛ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ሚካኤል ዊዴኒየስ ይህ እንደሚመጣ አይቶ፣ ኮዱ ክፍት ስለነበር ቅጂውን ይዞ ወጣና ማሪያዲቢን ሠራ። የመጀመሪያው በትልቋ ልጁ ማይ፣ ሁለተኛው በታናሿ በማሪያ የተሰየመ ነው። ሶፍትዌር ባለቤት ይቀይራል፣ ዋጋ ይቀይራል፣ ፖሊሲ ይቀይራል። ኮዱ ክፍት ሲሆን ግን መውጫ በር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፖስትግሬስ ደግሞ ዛሬ የማንም ኩባንያ የግል ንብረት አይደለም።

ስለ ዋጋው እናውራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 2,000 ዶላር የሚከፍል ድርጅት 114,000 ብር የነበረው ወጪ ከ200,000 በላይ ሆነበት። ሶፍትዌሩ አልተሻሻለ፣ ሽያጩ አልጨመረ። በዶላር የሚከፈል ፈቃድ የምትፈርሙ ሁሉ የምንዛሪ ውርርድም አብራችሁ እየፈረማችሁ ነው።

«ክላውድ ላይ አስቀምጠው» የሚሉም አሉ። ጥቅሙን አልክድም። ኮምፒውተራችሁ ቢሰረቅ መዝገባችሁ አይሰረቅም። ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሳምንታት ነው የቆየው። ያን ጊዜ መዝገቡ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ የነበረ ነጋዴ ዕቃው መጋዘኑ ውስጥ፣ ሒሳቡ ባሕር ማዶ ነበር። ክላውድ ተጠቀሙ፤ ቅጂው ግን ቢሯችሁ ይኑር።

በአገራችን ሌላ ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ጮክ ብለን አንናገረውም እንጂ። ክራክ! የተሰነጠቀ ሶፍትዌር የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ ሲበላሽም የምትጠሩት ሰው የለም። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ አስፈላጊም አለመሆኑ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባል ነጻ ዓይነት አለው። እስከ 2022ቱ ስሪት ድረስ እንኳ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ይፈቅዳል። ፎቶና ቪዲዮ ካልጨመራችሁበት የአንድ ጅምላ አከፋፋይ የዓመታት መዝገብ ይህን አይሞላም። በነጻ የሚሰጠንን ሰርቀን እንጠቀማለን።

ለተቃራኒው ሐሳብም ልታመን። «ነጻ ሶፍትዌር ሲበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?» የሚለው ስጋት እውነት አለው። ነጻ የሆነው ፈቃዱ እንጂ ባለሙያው አይደለም። የሚያስተዳድረው ሰው የሌለው ድርጅት ፖስትግሬስን አውርዶ ቢጭን ከወዳጄ የተሻለ ዕድል አይገጥመውም። ባንክ ወይም ትልቅ ተቋም ውድ ፈቃድ ከነድጋፉ ቢገዛ አይፈረድበትም። የእኔ ክርክር ግን ገንዘቡን ለስም ከመክፈል ለሰው ክፈሉ ነው።

ለሰውም ብትከፍሉ አንድ ነገር በዓይናችሁ ካላያችሁ አትመኑ፤ ባክአፕ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ታዋቂ ኩባንያ አንድ ባለሙያው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የሶፍትዌሩ አልነበረም። አምስት የመጠባበቂያ መንገዶች ነበሯቸው፤ አንዳቸውም እንደታሰበው አልሠሩም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

ከመፈረማችሁ በፊት የራሳችሁን ስም አስገብታችሁ ሞክሩት። «ኃይሉ» ብላችሁ መዝግባችሁ «ሀይሉ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ያገኘዋል? ማይኤስኪውኤል እስከ 8ኛው ስሪት ድረስ ካልተነገረው በቀር የላቲን ፊደል ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ በዚህ የተነሳ ስማችን የጥያቄ ምልክት ሆኖ የወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የአያት ስም የት ይገባል? ጳጉሜን 5 ቀን የተሸጠ ዕቃ በየትኛው ወር ሪፖርት ይወጣል? ሻጩ እነዚህን በሳቅ ካለፋቸው እናንተም ሻጩን እለፉት።

ሕጉም መጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የደንበኛን መረጃ መያዝ ኃላፊነት አድርጎታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኛችሁ ስልክና አድራሻ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው ካላወቃችሁ ነገ የምትመልሱት አይኖርም።

ወዳጄ የብሩን ፕሮፎርማ መረጠ። ርካሽ ስለሆነ አይደለም። በዶላር የጠየቀው ድርጅት «መዝገቡን ይዤ ብወጣስ?» ሲባል መልስ ስላልነበረው ነው። ውሉ ላይ ሦስት መስመር አስጨመረ። መዝገቡም ዋናው የይለፍ ቃልም የባለቤቱ ነው። መዝገቡ በየሳምንቱ ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ፋይል ተገልብጦ ይሰጠዋል። በየሦስት ወሩ ባክአፑ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እሱ ባለበት ይከፈታል። ሦስት መስመር ለማስጻፍ አንድ ቀን ፈጀበት። ከ8 ዓመት በፊት ቢያደርገው ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት ደረሰኝ ሲደምር ባላደረ።

ዝም ያሉት ባለዕዳዎች ግን እስካሁን አልደወሉም።